ጆሮ ያለው ግድግዳ

የእኔን ቤት ከእማሆይ ቤት የሚለየው ግድግዳ ከጭቃና ከጭድ የተመረገ፣ በላዩ ጋዜጣ ተለጥፎ ኖራ የተቀባ፣ ውፍረቱ ከአንድ ስንዝር የማያልፍ፣ ክረምት ሲመጣ የሚያብጥ፣ በጋ ሲሆን የሚሰነጠቅ፣ ሰውን ከሰው ለመለየት ሳይሆን ሰውን ለሰው ለማሰማት ታስቦ የተሠራ የሚመስል ግድግዳ ነው። አበው «ግድግዳም ጆሮ አለው» ሲሉ ምሥጢር እንድንጠብቅ መምከራቸው እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ የእኛን ግድግዳ አይተውት ቢሆን ኖሮ ግን «አፍም አለው» ብለው ምሳሌውን ባሟሉት ነበር።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ከግድግዳው ማዶ ሦስት ጊዜ ይሳላል። ሦስት ጊዜ ነው፤ ሁለትም አራትም ሆኖ አያውቅም። ቀጥሎ አልጋው ሲጥ ይላል፤ ነጠላ ጫማ በመሬቱ ላይ ይጎተታል፤ ከዚያም ጥቂት ዝምታ ይሆናል። ያች ዝምታ እማሆይ ወደ ምሥራቅ ዞረው የሚያማትቡባት ናት። ከእርስዋ በኋላ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ዝምታ የሚባል ነገር በሁለታችንም ቤት አይገኝም፤ ጆሮአቸው በዕድሜ ብዛት ደከም ስላለ፣ እማሆይ የሚጸልዩት እግዚአብሔር በሚሰማው መጠን ሳይሆን ራሳቸው በሚሰሙት መጠን ነውና።

ይህን በመጻፌ ጸሎትን የምጠላ ሰው ተደርጌ እንዳልቆጠር እሰጋለሁ። አንባቢ ግን ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት፣ ቀኑን ሙሉ በቢሮ ወረቀት ሲያገላብጥ ውሎ የቀረውንም ወረቀት ወደ ቤቱ አምጥቶ እኩለ ሌሊት ላይ ለተኛ ሰው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ምን ዓይነት ሰዓት እንደ ሆነች ያስብልኝ።

እማሆይ ማንበብ አያውቁም። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቆብ የጫኑ፣ አቡነ ዘበሰማያትንና የሰባቱን ዕለታት ውዳሴ ማርያም በልጅነታቸው ቄስ አባታቸው በቃል ያስጠኑዋቸው፣ የሰኞውን ለሰኞ የማክሰኞውን ለማክሰኞ ሳያዛንፉ የሚያደርሱ ሴት ናቸው። እስከዚህ ድረስ ያለው ግዕዝ ስለ ሆነ ቅሬታ የለኝም፤ እንዲያውም እንደ እሹሩሩ ሆኖ ወደ እንቅልፌ ሊመልሰኝ ይቃጣዋል። መከራዬ የሚጀምረው ግዕዙ አልቆ ወደ አማርኛው ሲሻገሩ ነው። ያን ጊዜ እማሆይ ድምፃቸው የለማኝ ድምፅ መሆኑ ይቀርና የቡና ላይ ጨዋታ ድምፅ ይሆናል፤ የሰፈሩንም ጉዳይ አንድ በአንድ እያነሡ ለእግዚአብሔር ያወጉታል።

«ጌታዬ፣ ትናንት የነገርሁህ የዚያች የቦኖ ውሃ ቀጂዋ ልጅ ነገር እንዴት ሆነ? ባልዋ ከሄደ አራት ወሩ፤ ደብዳቤም አልጻፈ። እጁን አፍታታለት፤ ባይመለስ እንኳ ይጻፍላት።» እንዲህ ብለው ጥቂት ያርፋሉ፤ መልሱን የሚጠብቁ ይመስላል። «የወይዘሮዋ እንቁላል ጣይ ዶሮ ከጠፋች ዛሬ ሦስት ቀን ሆናት። ሸለምጥማጥ በልቷት እንደ ሆነ ቁርጡን አሳውቃትና ትረፍ፤ ሰው ወስዷት እንደ ሆነ ግን አታሳፍረው፤ ልብ ስጠውና ይመልስ። ባለ ሱቁንም ሚዛኑን አቅናለት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጣቱ ከበድ ይላል እንጂ።»

በአንድ የሐምሌ ሌሊት ይህን ሲሉ፣ ብርድ ልብሴን እስከ ጆሮዬ ስቤ፣ በልቤ ስለ ባለ ሱቁ ጣት የተነገረውን እያጸደቅሁ ፈገግ ስል፣ በዶሮዋና በባለ ሱቁ መካከል የተረሳ ሰው ነበረና እማሆይ ወደ ኋላ ተመለሱ።

«አዬ፣ ረስቼው! ያ ከግድግዳ ማዶ ያለው የመንግሥት ጸሐፊም አለልህ፤ ሌሊት መብራት አብርቶ ከወረቀት ጋር የሚጣላው፣ ሰላምታ የሚያሳጥረው፣ ከሰው የማይጠጋው። ልቡን አለስልስለት። የካፖርቱን ቁልፍ የሚተክልለት ሰውም ስጠው፤ ሁለተኛዋ ከወደቀች ሰነበተች።»

ተነሥቼ ተቀመጥሁ። በጨለማ ውስጥ ካፖርቴን ከተሰቀለበት አውርጄ ዳሰስሁት። ሁለተኛዋ ቁልፍ አልነበረችም።

ሰው ሲታማ መስማት ያለ ነገር ነው፤ ለአለቃው ተነግሮበት መስማትም በቢሮ ዓለም የተለመደ ነው። ከሁሉ በላይ ለሆነው አለቃ፣ ያውም በአዘኔታ ቃል፣ ያውም ከአንዲት ዶሮ ቀጥሎ ሲነገርበት በገዛ ጆሮው የሰማ ሰው ግን ምን እንደሚሰማው የጻፈ ሊቅ አላጋጠመኝም። መናደድ አይቻልም፤ ተመርቋልና። መደሰትም አይቻልም፤ ተገልጧልና።

ይህም ቢሆን እኔ ጸሎት የሌለኝ ሰው አልነበርሁም። በልጅነቴ ከየኔታ እግር ሥር ፊደል ቆጥሬ፣ መልእክተ ዮሐንስና ወንጌል አንብቤ፣ ዳዊት የደገምሁ ዕለት ወላጆቼ ጠላ ጠምቀው ጎረቤት የጠሩልኝ ነኝ። ከአባቴ የወረስሁት ዳዊት እስከ ዛሬ ከነማኅደሩ፣ አንገቻው ተበጥሶ ሁለት ጊዜ ተጠግኖ፣ ከራስጌዬ ተሰቅሎ ይኖራል። ማር ይስሐቅንም ከነአንድምታው አንብቤአለሁ፤ ልብ በጸሎት ጊዜ እንዴት ከዓለም እንደሚሰበሰብ ቢጠይቁኝ ቁጭ ብዬ ግማሽ ቀን ላስረዳ እችላለሁ። የማልችለው መሰብሰቡን ብቻ ነው።

የእኔ ጸሎት ጧት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 15 ደቂቃ ጉዳይ ለ2 ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሰዓቴን በጠረጴዛው ላይ ከመጽሐፉ አጠገብ ዘርግቼ እቆማለሁ። 150ውን መዝሙር በሳምንቱ ቀኖች አካፍሎ የሚደግም ሰው፣ በ15 ደቂቃ የዕለቱን ድርሻ ለመጨረስ እንዴት መሮጥ እንዳለበት ያልሞከረው አያውቀውም። ልጆች ሳለን ማን ቀድሞ ይጨርስ እያልን ስንሽቀዳደም የኔታ ከዛፉ ሥር ሆነው ዐይናቸውን ሳይገልጡ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉን ነበር፤ ዘንጉም ከምሳሌው በኋላ ይከተል ነበር። አሁን ዘንጉ ስለሌለ አፈስሳለሁ እንጂ የሚለቅም የለም።

ደግሞ ያ የእንጀራው ነገር አለ። በአቡነ ዘበሰማያት ውስጥ የዕለት ምግባችንን ከምንለምንበት ቃል ላይ በደረስሁ ቁጥር ጤፍ ትዝ ይለኛል። ጤፍ ትዝ ካለኝ ዋጋው ትዝ ይለኛል፤ ዋጋው ደመወዜን ይጠራል፤ ደመወዜ አለቃዬን ይጠራል፤ አለቃዬም ከነመነጽሩ ከፊቴ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ምላሴ ብቻዋን ጸሎቱን ስትገፋ እኔ ከአለቃዬ ጋር እከራከራለሁ፤ በዚያ ክርክር ደግሞ ሁልጊዜ የማሸንፍ እኔ ነኝ፤ በቢሮ ግን አንድ ቀንም አሸንፌ አላውቅም። ወደ ልቤ ስመለስ አሜን ብዬ አገኘዋለሁ።

አባቶቻችን ነቢዩ ዳዊት በቀን 7 ጊዜ እንደሚያመሰግን የተናገረውን መሠረት አድርገው ዕለቱን በ7 የጸሎት ጊዜያት ከፍለውታል፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። እያንዳንዱም ከነምክንያቱ ነው፤ በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወርዷል፤ በ6 ሰዓት ጌታ ተሰቅሏል፤ በ9 ሰዓት ነፍሱን ሰጥቷል፤ በ11 ሰዓት ወደ መቃብር ወርዷል። እኛ የቢሮ ሰዎችም እነዚህን ሰዓታት አንስታቸውም። በ3 ሰዓት የቀረና ያረፈደ ይመዘገባል፤ በ6 ሰዓት ምሳ ነው፤ በ9 ሰዓት ሻይ ይመጣል፤ በ11 ሰዓት ቆባችንን አንሥተን እንወጣለን። ሰዓታቱን እንደ መነኮሳት አክብረን ሳለ በውስጣቸው የነበረውን ነገር ብቻ አውጥተን ሻይ ማግባታችን ያስገርማል።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው ተሰብሮ በሌላው እግራቸው 7 ዓመት እንደ ቆሙ ገድላቸው ይተርካል። እኔ በሁለቱም እግሬ ቆሜ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ክብደቴን ከቀኙ ወደ ግራው አዛውራለሁ።

ከጓደኞቼ መካከል አንዱ፣ ሒሳብ መርማሪ የሚመጣ ጊዜ ካልሆነ በስተቀር የቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይረግጥ፣ መርማሪው ሲመጣ ግን ከካህናቱ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» እያልሁ አሾፍበት ነበር፤ ይሁን እንጂ በእርሱ ላይ ድንጋይ የማነሣ እኔ አይደለሁም። ታናሽ ወንድሜ በተስቦ ታሞ በተኛ ጊዜ፣ ቢድንልኝ ከላይ እስከ ታች ሐር የሆነ መጋረጃ ለቤተ መቅደስ ላስገባ ተስዬ ነበር። ትኩሳቱ በበረደ በሦስተኛው ቀን መጋረጃው ጥጥ ቢሆንም እግዚአብሔር የማይጠላው መሆኑ ታየኝ። ወንድሜ ከአልጋው ሲነሣ መጋረጃው ወደ ጥላ ዞረ፤ ገበያ ወጥቶ እንጀራ ሲበላ ጥላው ዕጣን ሆነ፤ በመጨረሻ ያስገባሁት አንድ እሥር ጧፍ ነው። ያንንም ስሰጥ ዲያቆኑ እንዲያየኝ ትንሽ ሳልሁ።

ወደ ግድግዳው ልመለስ።

ያን ሌሊት ካፖርቴን እንደ ዳሰስሁ፣ ሲነጋ ሄጄ እማሆይን በትሕትና ላነጋግራቸው ወሰንሁ። የሰው ጸሎት በግድግዳ ማዳመጥ ነውር እንደ ሆነ ኅሊናዬ ቢነግረኝም፣ ለኅሊናዬ የሚሆን ታሪክ አላጣሁለትም። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1513 ዓ.ም. በሮም ከተማ በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲታተም ያ መጽሐፍ ዳዊት ነበር፤ ያሳተመውም ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው ነበር። ይህ ሰው ወደዚህ ሥራ የገባው በሮም የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሲጸልዩ ሰምቶ፣ ከማያውቀው ቋንቋ መካከል የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በጆሮው ስለ ገባ ነው። ቋንቋውን የከለዳውያን ነው ብሎ ተሳሳተ እንጂ ማዳመጡን አልተሳሳተም። እንግዲህ ጀርመናዊው የሰው ጸሎት አዳምጦ መጽሐፍ ካሳተመ፣ እኔ የገዛ ጎረቤቴን ሰምቼ አቤቱታ ባቀርብ ምን ነውር አለው ብዬ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር ይዤ ሄድሁ።

ስኳሩን ከባለ ሱቁ ስገዛ ጣቱን ተመለከትሁ። በእርግጥ ከበድ ይላል።

እማሆይ ስኳሩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ጉልበታቸውን ስሜ ልነሣ ስል ግንባሬን ስመው፣ ከረከቦቱ አጠገብ በርጩማ አስጠጉልኝ። ቤታቸው ሲታይ አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ በምሥራቁ ግድግዳ የእመቤታችን ሥዕል፣ ከሥዕሉ ሥር ጥቁር መቁጠሪያ ነው። የእኔ ግድግዳ ከወዲያ በኩል ሲታይ ከእኔ በኩል ይልቅ የተሰነጠቀ ነው፤ በስንጥቁም ውስጥ ወረቀት ተጠቅጥቆበታል።

«የመብራትህ ብርሃን በዚያ እየገባ ነው፤ እኔስ ግድ የለኝም፤ አንተ እንቅልፍ እንዳጣህ እያየሁ ግን ልቤ አልችል ቢል ደፈንሁት» አሉኝ።

አቤቱታዬ በጉሮሮዬ ላይ ቆመ። «እማሆይ፣ እንቅልፉንስ የማጣው» ብዬ ጀመርሁና የቡናውን ጭስ ምክንያት አድርጌ ሳልሁ።

«አውቃለሁ፤ ስለ እንቅልፍህም እለምንልሃለሁ» አሉ። «አንተስ ልጄ፣ ትጸልያለህ?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ የኖርሁ ያህል ስለ 7ቱ ጊዜያት፣ ስለ ዳዊቱ አከፋፈል፣ ማር ይስሐቅ ስለ ልብ መሰብሰብ ስለ ተናገረው፣ ጀበናው እስኪንተከተክ ድረስ አወራሁላቸው። እማሆይ አንገታቸውን እየነቀነቁ በአክብሮት ሰሙኝ፤ ትምህርት የሚያከብሩ ሴት ናቸው።

«እሰይ፣ እሰይ» አሉ በመጨረሻ። «እርሱ ዳዊት ያለው ነው፤ በእርሱማ ደጃፉ ይንኳኳል፤ ያለ እርሱ ማን ደፍሮ ይገባል? ከገባህ በኋላስ አንተ ምን አልኸው?»

መልስ አልነበረኝም። በዚህ ሁሉ ዓመት ደጃፉን እያንኳኳሁ፣ ሰዓቴን አይቼ፣ ሳይከፈት ወደ ቢሮ እሄድ እንደ ነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየኝ። ኀፍረቴን ለመሸፈን ያህል፣ ልቤ እንደሚባክን፣ ከጤፍ ወደ ደመወዝ፣ ከደመወዝ ወደ አለቃዬ እንደሚሄድ ነገርኋቸው፤ የእርስዎስ ልብ አይሄድም ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

እማሆይ ሳቁ። ጥርሳቸው ጥቂት ስለ ሆነ ሲስቁ ልጅ ይመስላሉ። «መሄድስ ይሄዳል እንጂ! የእኔ ልብ ከአንተ ልብ በምን ይሻላል? ውዳሴውን ስደግም ዶሮዋ ድንገት ትዝ ትለኛለች። ድሮ ሰይጣን ነው እያልሁ አማትብ ነበር፤ ሳባርራት ደግሞ ባሰባት። ኋላ ግን ደከመኝና፣ ልቤ ወደ ዶሮዋ ከሄደ ዶሮዋን ይዤ እመለሳለሁ፤ ይኸው ጌታዬ ዶሮዋ፣ እላለሁ። እርሱ ሲቀበለኝ ከእጄ ትወጣለች፤ እኔም ወደ ነበርሁበት እመለሳለሁ።» ስኒውን አቀበሉኝ። «አንተም አለቃህን አትጣላው፤ ይዘኸው ግባ።»

ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቼ፣ ስለ ድምፁ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ተመርቄ ወጣሁ።

በመንገድ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። ሌሊት ሌሊት የምሰማው የሰፈሩ ዝርዝር፣ ቀጂዋ፣ ዶሮዋ፣ ባለ ሱቁ፣ እኔም ራሴ፣ በእማሆይ ጸሎት ላይ የተጨመረ ወሬ አልነበረም፤ የእማሆይ ባካና ልብ በየሄደበት ሲለቅም ያመጣው ነበር እንጂ። የኔታ የሚያፈስሰውን ገሠጹ፤ እማሆይ ግን የፈሰሰውን እየለቀሙ ለጌታ ያቀርቡታል። መጽሐፈ ሰዓታትን የደረሰልን አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም፣ ገድሉ እንደሚለው፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሳለ ትምህርቱ 7 ዓመት እምቢ ብሎት፣ ለማኅበሩ እህል እየፈጨ በእንባ ይለምን ነበር። ከወፍጮው ሸሽቶ ሳይሆን ወፍጮውን ይዞ ነው የገባው ብል ሊቃውንቱ የሚቆጡኝ አይመስለኝም።

መረዳት አንድ ነገር ነው፤ መንቃት ሌላ ነው። ሐምሌ 30 ቀን እማሆይ ቆሎአቸውን ቋጥረው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ለፍልሰታ ሱባዔ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዱ። እኔም ቢያንስ 15 ሌሊት ጠግቤ ልተኛ ነው ብዬ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

በመጀመሪያው ሌሊት በ10 ሰዓት ነቃሁ። ሦስቱን ሳል ጠበቅሁ። የሚሳል የለም። ዝናሙ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ግድግዳው ግን ዝም ብሏል። ዝምታ እንዲህ እንደሚያስነቃ አላውቅም ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ነቃሁ፤ በሦስተኛውም ነቃሁ። በአራተኛው ሌሊት ከመገላበጥ ይሻላል ብዬ ተነሣሁ፤ ሰዓቴን በትራሱ ሥር ትቼ ዳዊቴን ከማኅደሩ አወጣሁ።

እንደ ልማዴ ጀመርሁ። የእንጀራው ቃል ላይ ስደርስ ጤፉ መጣ፤ ከጤፉ ኋላም አለቃዬ ከነመነጽሩ ተከተለ። ላባርረው ስል የእማሆይ ነገር ትዝ አለኝና፣ እያፈርሁ፣ «ይኸው አለቃዬ» አልሁ። ከዚያ ምን እንደምጨምር ጠፋኝ። አለቃዬ ባለፈው ሳምንት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጉንጩን በእጁ ይዞ፣ ጥርሱን አሞት ኖሮ ማንንም ሳይናገር እንደ ዋለ አስታወስሁ። «ጥርሱን አሞታል» አልሁ። በክርክራችን ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ አላሸነፍሁም፤ ክርክሩም አልነበረም።

ዝርዝሩን ደግሞ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ስንት ወር በግድግዳ ስማር ኖሬአለሁና። የዝርዝሩ ባለቤት እማሆይ ሲመጡ የጎደለ እንዳይኖር ያህል፣ ወደ ውሃ ቀጂዋ ገባሁ። ግን ደብዳቤው መጥቶ እንደ ሆነ አላውቅም። ወሬ ሳይይዙ ለእግዚአብሔር ማውራት ደግሞ ያሳፍራል። ስለዚህ በማግሥቱ ከቦኖው አጠገብ ስደርስ፣ በሕይወቴ የውሃ ወረፋ አጠገብ ቆሜ የማላውቅ ሰው፣ ቆሜ «ሰውዬው ጻፈልሽ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጅቱ እንስራዋን እንደ ያዘች አፍዋን ከፍታ አየችኝ። አልጻፈም።

ስለ ዶሮዋም ለእማሆይ የሚሆን ወሬ ልያዝ ብዬ፣ ዝናም በሆነ ጊዜ ዶሮ የት የት እንደምትጠለል ባለቤትዋን ጠየቅሁ። «ደረቅ እንጨት ካለበት አትጠፋም» አለችኝ። ወደ ቤቴ ተመልሼ፣ ክረምት ከገባ ጀምሮ ከደጃፉ እጄን ሰድጄ ፍልጥ ከማንሣት በቀር ወደ ውስጥ ዘልቄ አይቼው የማላውቀውን የማገዶ ቤቴን ከፈትሁ። ከፍልጡ ኋላ፣ በአሮጌ ቅርጫት ውስጥ፣ የወይዘሮዋ ዶሮ ላባዋን ነፍታ ተቀምጣ፣ ከሥርዋም 8 ጫጩቶች አንገታቸውን አውጥተው ተመለከቱኝ።

በዚያ ቆሜ የእማሆይ ልመና ትዝ አለኝ። ዶሮዋን የወሰደ ሰው ካለ እንዳያሳፍረው፣ ልብ እንዲሰጠውና እንዲመልስ ለምነው ነበር። ከዚያም ቀጥሎ ስለ እኔ ልብ ለምነው ነበር። ሁለት ልመና መስሎኝ ኖሯል።

ቅርጫቱን ተሸክሜ ወደ ወይዘሮዋ ስሄድ ሰፈሩ ሁሉ በሩ ላይ ወጣ። ሌባ መሆኔን ያልተጠራጠረ ሰው ነበረ ብዬ ለመማል አልደፍርም፤ ግን ወይዘሮዋ አንድዋን ጫጩት ካልወሰድህ ብላ አስጨነቀችኝ። ካፖርቴንም አይታ፣ «ይኽ ቁልፍ እንዴት ሳይተከል ኖረ?» አለችኝ። መርፌ ስላልነበራት ለነገ ተቀጠርን፤ በነጋታውም ዘነበ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

እማሆይ ነሐሴ 18 ቀን ማታ ተመለሱ። እኔም ያን ሌሊት ቀድሜ ነቅቼ፣ ብርድ ልብሴን እስከ አገጬ ስቤ ጠበቅሁ። በ10 ሰዓት ከግድግዳው ማዶ ሦስት ጊዜ ተሳለ። አልጋው ሲጥ አለ፤ ነጠላ ጫማው ተጎተተ፤ ያች ዝምታ ሆነች። እኔም በበኩሌ፣ ከወዲህ በኩል፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ አማተብሁ።

ውዳሴው አለቀ። ስለ ዶሮዋ ምስጋና ቀረበ፤ ጫጩቶቹም በቁጥራቸው ተነገሩ። ስለ ቀጂዋ አዲስ ልመና ሆነ። ከዚያም እማሆይ እንደ ልማዳቸው ጥቂት አረፉና፣ ድምፃቸውን የምሥጢር ለማድረግ ሞክረው፣ ለእኔ ግን ከወትሮው ይልቅ ጎልቶ እየተሰማኝ፣ እንዲህ አሉ።

«ጌታዬ፣ ያ ከግድግዳ ማዶ ያለው ልጅ ተመስገን ነው። ነገር ግን ከወዲያኛው ወገን ያለው አስተማሪ ትናንት ከመንገድ ስገባ ጠብቆ ከሰሰብኝ፤ ሌሊት ሌሊት እየጮኸ ሲጸልይ እንቅልፍ ነሣኝ ነው የሚለው። እንግዲህ ድምፁን ዝቅ አድርግለት፤ ልቡን ግን እንዲሁ አቆይልኝ። የካፖርቱን ቁልፍ ነገር ግን፣ አደራህን፣ እንዳትረሳው።»